አቧራውን አላየሁትም

(ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት ያደረግኩት ንግግር ነው። መብራት ጠፍቶ ስለነበር የተዘበራረቀውን ትንሽ አስተካክያለሁ። ሌላው እንዳለ ነው።)

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያላገኛችሁ ወደ መስኮቱ ጠጋ በሉ፤ ነፋሱም እዚያ ይሻላል።

22 ስላይድ አዘጋጅቼ ነበር። ካርታ አለው፣ ዝሆን አለው፣ እኔ ራሴ ሳልተኛ ያሳመርኩት። መብራቱ ከሄደ ግን ይኸው 20 ደቂቃ ሆነው። ፕሮጀክተሩን ተዉት። እትዬ፣ ቡናው እስኪፈላ እነዚያን ስኒዎች ያውሱኛል? አልሰብርም፣ ቃሌ ነው። ትንሽ ቆይቼ እወስዳቸዋለሁ።

የመጣሁት ስለ አንድ ጨዋታ ላወራችሁ ነው። ጥር ላይ ስምንት ሰዎች ሆነን እዚሁ ከተማ አንድ ቀን ሙሉ ተወዳደርን። ጠረጴዛ ላይ የጥንት ሠራዊት አሰልፈን ማለት ነው። የጣት ጫፍ የሚያክሉ ወታደሮች፣ ፈረሶች፣ ዝሆኖች። አንደኛ አልወጣሁም። ዛሬ የማወራው እንዴት እንደተሸነፍኩ ነው፤ የአሸናፊ ወሬ ብዙ አያስተምርም።

ነገሩ ለኛ ያን ያህል ባዕድ አይደለም። አያቶቻችን ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር። የኛ ሰንጠረዥ ከፈረንጁ ቼዝ የሚለይበት አንድ ደስ የሚል ነገር አለው። ሲጀመር ተራ የለም። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ያለ ተራ ያንቀሳቅሳሉ። አንተ ስታይ እኔ እሰልፋለሁ፣ እኔ ሳይ አንተ ትሰልፋለህ። ይሄ ወረራ ይባላል። ከጠጠሮቹ መካከል ደግሞ ፊል የሚባል አለ። ፊል በዓረብኛ ዝሆን ነው። ዝሆኑን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

እኛ የተጫወትነው ዲ ቢ ኤ በሚባል ሕግ ነው። እንግሊዝ አገር በ1990 የወጣ ነው። (ዛሬ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ከጥንቱ ጋር ሌላ ሒሳብ አታስደምሩኝ።) አንድ ሠራዊት 12 ጭፍራ አለው። ጭፍራ የምንለው 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት መቆሚያ ናት፤ ላይዋ ላይ ወታደሮች ተለጥፈዋል። ተጠጋግተው የሚዋጉ ከሆኑ አራት፣ ወንጭፈኞች ከሆኑ ሁለት፣ ዝሆን ከሆነ አንድ ብቻ። ሜዳው 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ነው። ሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይበቃል። አንድ ጨዋታ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ስምንት ሰው በሦስት ዙር፣ በአንድ ቀን አሸናፊውን ይለያል።

ውጭ አገር እነዚህ ምስሎች ከብረት ተቀልጠው ይሸጣሉ። እኛ ጋ አንድ ወዳጃችን ከመንገድ ሲመለስ ጥቂት ይዞልን መጣ። የቀረውን ራሳችን ሠራነው። መጀመሪያ በጭቃ ሞከርን። ሲደርቅ እጅ እጃቸው እየወለቀ አስቸገረን። ከዚያ በወፍራም ወረቀት ቆረጥን። መቆሚያው የጫማ ካርቶን፣ ቀለሙ የጥፍር ቀለም። የእህቴን ቀይ ጥፍር ቀለም ጨርሼባት እስካሁን ይወራል። ኮረብታው ከአረንጓዴ ብርድ ልብስ ሥር የገባ መጽሐፍ ነው። አንድ ያላሰብነው ነገር ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚመጣው ነፋስ። መስኮቱ ተከፍቶ ስለነበር በልምምድ ቀን የሮማ ሠራዊት ያለ ምንም ውጊያ በጀርባው ተንጋለለ። ከዚያ በኋላ በየመቆሚያው ሥር ሳንቲም ለጠፍን። ማንም እንዲህ የከበደ ወታደር የለውም።

እናቴ ቀለም ስቀባ አይታኝ፣ «ምንድነው እሱ?» አለችኝ። ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና፣ «ጦርነት ደግሞ ይጫወቱበታል?» አለች። እዚህ የተቀመጣችሁ ሁሉ ያለፉትን ዓመታት ታውቋቸዋላችሁ። ጥሩ መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። የ2,200 ዓመት ነገር ነው ብያት ወደ ቀለሜ ተመለስኩ። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ወታደሮቼን በጠረገች ቁጥር አንድም ሳታጋድም ወደ ቦታቸው ትመልሳቸዋለች።

ወደ ሕጉ ልመለስ። ጨዋታው ጨዋታ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ተራህ ሲደርስ አንድ ዳይስ ትጥላለህ፤ ያው የሉዶው ዳይስ ነው። የወጣው ቁጥር በዚያ ተራ ያለህ የትእዛዝ ብዛት ነው። 5 ከወጣ 5 ትእዛዝ። 1 ከወጣ 1። በአንድ ትእዛዝ አንድ ጭፍራ ታንቀሳቅሳለህ፤ ወይም ትከሻ ለትከሻ የቆሙ ጭፍሮችን አንድ ላይ። ሰልፍህ ከተበታተነ ግን ለእያንዳንዱ ቁራጭ ለየብቻ መክፈል አለብህ። ከአዝማችህ ርቆ የሄደ ጭፍራ ተጨማሪ ትእዛዝ ይበላል። ዝሆንም ተጨማሪ ይበላል፤ ዝሆን ነዋ።

እስቲ አስቡት። 12 ጭፍራ አለህ፤ በአማካይ የሚደርስህ ሦስት ተኩል ትእዛዝ ነው። በዚህ ጨዋታ ከወታደር በፊት የሚያልቅብህ ትእዛዝ ነው። አዲስ ተጫዋች ሁሉ ስለ ፈረስና ስለ ጎራዴ ያስባል። ትእዛዙን የሚቆጥር የለም። እኔም አልቆጠርኩም።

ለምን እንዲህ ተደረገ ብትሉ፣ የጥንት አዝማች ሬዲዮ የለውም። ያለው መለከት፣ ባንዲራ፣ ጩኸትና በፈረስ የሚጋልብ መልእክተኛ ነው። ውጊያው ከተጀመረ በኋላ ከአቧራው ማዶ ያለውን ሰው አያገኘውም። ስለዚህ ሰልፉን አስቀድሞ ለሰው ያካፍላል። ይሄን ከኛ በላይ የሚረዳው የለም። ግራዝማች፣ ቀኛዝማች፣ ፊታውራሪ፤ ግራውን የሚያዘምት፣ ቀኙን የሚያዘምት፣ ፊት የሚመራ። የጦር ሰልፍ በማዕረግ ስማችን ውስጥ ተቀምጧል። እኛም በውድድሩ ቀን ክንፎቻችንን የምንጠራው በነዚሁ ስሞች ነበር። «ግራዝማችህ አለቀ!» ይባባላል። ሻይ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ቢኖር ምን ያስብ ነበር እላለሁ።

ውጊያው ራሱ ቀላል ነው። ሁለት ጭፍሮች ሲጋጠሙ ሁለቱም ወገኖች ዳይስ ይጥላሉ። የጭፍራው የራሱ ኃይል ይደመርበታል። ያነሰው ያፈገፍጋል። ድምሩ የባላጋራውን ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ይደመሰሳል። 4 ጭፍራ ካጣህና ከባላጋራህ የበለጠ ካጣህ፣ አለቀልህ።

አሁን ዝሆኑ።

ሠራዊት ስንመርጥ አንዱ ሮማን ወሰደ። አንዷ አክሱምን ወሰደች። እኔ ግብጽን መረጥኩ፣ የጥንቱን የፈርዖንን አይደለም፤ ከእስክንድር በኋላ የነገሡትን መቄዶናውያን፣ ፕቶለሚዎችን። የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት በጥሊሞስ የሚሏቸው ናቸው። ሰብዓ ሊቃናት መጻሕፍትን ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ ተረጎሙ ሲባል የሚነሳው ሁለተኛው በጥሊሞስ ነው። ይኸው ሰውዬ ሌላም ሥራ ነበረው። የጠላቶቹ የሶርያ ነገሥታት ከሕንድ የጦር ዝሆን ያመጣሉ። እሱ ወደ ሕንድ መንገድ የለውም። ስለዚህ አዳኞቹን በቀይ ባሕር ወደ ደቡብ ላከ። ወደኛ ማለት ነው።

ይሄን የምለው በግምት አይደለም። አዱሊስ፣ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ያለው ጥንታዊ ወደብ፣ የልጁ የሦስተኛው በጥሊሞስ የድንጋይ ጽሑፍ ቆሞ ነበር። እሱና አባቱ ከዚህ አገር ዝሆን አድነው ለጦርነት እንዳሰለጠኑ ይናገራል። ጽሑፉን ገልብጦ ያቆየልን ኮስማስ የሚባል ነጋዴ ነው፤ የገለበጠው አፄ ካሌብ ወደ የመን ለመዝመት በሚዘጋጁበት ጊዜ ነበር። ዝሆኑም ብዙ ነበር። በዚያው ዘመን ከቢዛንቲየም የመጣው መልእክተኛ ኖኖሶስ ከአዱሊስ ወደ አክሱም ሲሄድ መንገድ ላይ 5,000 ያህል ዝሆኖች አንድ ላይ ሲግጡ እንዳየ ጽፏል። ቆጠራቸው ወይ አትበሉኝ።

እንግዲህ ይሄን ካነበብኩ በኋላ ሌላ ሠራዊት እንዴት ልምረጥ? ዝሆኑ የኛ ነው! ሦስት ማታ ቀባሁት። ጆሮው ላይ ብቻ አንድ ማታ ፈጀሁ። ለጀማሪ ግን አልመክርም። ጀማሪ ረጅም ሰልፍ የሚሠራ ጦረኛ ይዞ ቀስ ብሎ ወደፊት ይሂድ። በፍቅር የተመረጠ ሠራዊት ጠረጴዛ ላይ ያስከፍላል።

የመጀመሪያው ጨዋታ ከአንድ ባጃጅ ሹፌር ጋር ነበር። ፈጣን ሰው ነው፣ ሠራዊቱም እንደሱ፤ ቀላል ፈረሰኛና ወንጭፈኛ የሞላበት። ዝሆኔን ኮራ ብዬ ወደፊት አወጣሁት። በሕጉ ዝሆን ከእግረኛ ጋር ሲገጥም በጣም ኃይለኛ ነው። አንድ ጉድ ግን አለው። ወንጭፈኛና ጦር ወርዋሪ በአንድ ነጥብ እንኳ ከበለጡት ማፈግፈግ የለም፣ ይሞታል። እሱ 6 ጣለ። እኔ 1። ሁለት የወረቀት ወንጭፈኞች የሦስት ማታ ሥራዬን ከጠረጴዛው አወረዱት። ሕጉ ግፍ የሠራብኝ መስሎኝ ነበር። በእውነተኛው ውጊያም ግን ዝሆንን የሚጎዳው ፊቱ የሚቆም ሳይሆን በዙሪያው እየሮጠ የሚወረውር ነው። ወይም መንገድ የሚለቅለት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ202 ሰሜን አፍሪካ ውስጥ ዛማ ላይ የሮማው አዝማች ስኪፒዮ በሰልፉ መካከል መተላለፊያ ከፍቶ የካርታጎውን አዝማች የሃኒባልን ከ80 በላይ ዝሆኖች አሳለፋቸው። የቀረውን በረጃጅም ጦረኞቼ አሸነፍኩ፤ ሹፌሩ ፈረሶቹን ሲበትን ትእዛዝ አለቀበት።

ስለ ሁለተኛው ጨዋታ ብዙ የምለው የለኝም። ዳይሱ አሸነፈልኝ። ያቺ የአክሱም ልጅ እስካሁን አታናግረኝም።

ሦስተኛው ለአንደኝነት ነበር። ባላጋራዬ ጋሼ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ። የያዙት የሶርያዎቹን ነገሥታት፣ የሰሉሲዶችን ሠራዊት ነው። በአጋጣሚ የጥንቱ ባላንጣዎች ተገናኘን። ሰዉ ሁሉ ሻዩን ይዞ ከበበን።

መሀሉ ላይ ሁለታችንም ፋላንክስ አለን። 5 እና 6 ሜትር የሚደርስ ጦር የያዙ፣ ከኋላ ደራርበው የሚቆሙ ሰዎች ናቸው። ፊት ለፊት የሚደፍራቸው የለም፤ ጎናቸው ግን ባዶ ነው። እኔ በቀኝ በኩል አዝማቼንና ፈረሰኞቼን አስቀመጥኩ። በሁለተኛው ተራ ቀኛዝማቼ የጋሼን ፈረሰኞች ገጥሞ አንዱን ደመሰሰ። ሰዉ ጮኸ። አንዱ አፈገፈገ፣ ተከተልኩት። እንደገና አፈገፈገ፣ ተከተልኩት። በአራተኛው ተራ እሱንም ደመሰስኩት። 2 ለ 0! ተጨማሪ አንድ ፈረሰኛ በሜዳው ጥግ ቀርቷል። እሱን ልጨምር ብዬ ሄድኩ።

ጋሼ ምንም አይሉም። ዳይሳቸውን ይጥላሉ፣ መሀላቸውን አንድ እርምጃ ያስጠጋሉ፣ ሻያቸውን ፉት ይላሉ።

በየተራው 3፣ 4 ትእዛዝ ይወጣልኛል። ሁለቱን ሦስቱን ማሳደዱ ይበላዋል። አዝማቹ ራሱ ከአሳዳጆቹ ጋር ስለሄደ መሀሉ ሁሉ ከአዝማቹ ራቀ። አንድ እርምጃ ለማስጠጋት እጥፍ እከፍላለሁ። የጋሼ ዝሆን በግራዬ መጣ፤ ፊቱ ላይ የማቆምለት ወንጭፈኛ ነበረኝ፣ ልጠራው የሚያስችል ትእዛዝ ግን የለኝም። ከዚያ 1 ወጣ። አንድ ትእዛዝ። ቀጥሎ እንደገና 1። እጄን አጣጥፌ የራሴን ሠራዊት እንደ ሰው አገር ጦር አየሁት። ፋላንክሴን ከፊትም ከጎንም ያዙት። ጎኑ ተይዞ የሚያፈገፍግ ጭፍራ መሄጃ ስለሌለው ይደመሰሳል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ሲወርድ ፈረሰኞቼ ገና ያንን አንድ ሰው እያሳደዱ ነበር።

ጋሼ እጄን ጨበጡኝና፣ «አየህ የኔ ልጅ፣ አቧራውን አላየኸውም» አሉኝ።

አልገባኝም። ቤት ሄጄ ነው ያነበብኩት።

እስቲ አሁን ስኒዎቹን አምጡልኝ። አመሰግናለሁ እትዬ። ይሄ ስኒ አራተኛው በጥሊሞስ ነው፣ የዚያ አዳኞች የላከው የሁለተኛው የልጅ ልጅ። ይሄ ጆሮው የተሸረፈው አንጥያኮስ ሦስተኛው ነው፤ የአይሁድ መቃብያን የተነሱበት የክፉው አንጥያኮስ አባት። ቦታው ራፊያ፣ ጋዛ አጠገብ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 217፣ ሰኔ። ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢየስ ቁጥሩን ትቶልናል። በጥሊሞስ 70,000 እግረኛ፣ 5,000 ፈረሰኛ፣ 73 ዝሆን። አንጥያኮስ 62,000 እግረኛ፣ 6,000 ፈረሰኛ፣ 102 ዝሆን። ስኳር ማስቀመጫው ፋላንክስ ይሁን።

አንጥያኮስ በራሱ ቀኝ ቆመ። በጥሊሞስ በራሱ ግራ። ስለዚህ ሁለቱ ነገሥታት ፊት ለፊት ናቸው። መጀመሪያ ዝሆኖቹ ገጠሙ። ጥቂቶቹ ጥርስ ለጥርስ ተያይዘው ተገፋፉ። አብዛኞቹ የኛ አገር ዝሆኖች ግን የሕንዶቹን ሽታና ጩኸት አልቻሉም። ዞረው የራሳቸውን ሰልፍ ገፉት። (ፖሊቢየስ የሕንዱን ትልቅነት ፈሩ ይላል። ለብዙ ጊዜ ሊቃውንቱ ያኔ የተያዙት ትንንሽ የጫካ ዝሆኖች ስለሆኑ ነው ሲሉ ነበር። በ2014 የወጣ የዘረመል ጥናት ግን ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ያሉት የሳቫና ዝሆኖች መሆናቸውን አሳየ፤ የሳቫና ዝሆን ደግሞ ከሕንዱ አያንስም። ስለዚህ የኛዎቹን ፈሪ ያደረጋቸው ቁመት ነው የሚለው ነገር ይከብደኛል። ምናልባት ስልጠናው ነው። ወገኔን ስለሆነ ነው የምከራከረው፣ አውቃለሁ።)

የበጥሊሞስ ግራዝማች ፈረሰ። አንጥያኮስ ደስ አለው። ወጣት ነው፣ ሃያዎቹ ውስጥ። የሸሹትን እያሳደደ ሄደ። ስኒውን ተመልከቱ፤ እዚያ ድረስ። ጠረጴዛው አልቆ ወንበር ላይ ደረሰ። በዚያ ሜዳ የሱ መሀል ንጉሥ የለውም፣ ትእዛዝ የለውም።

በጥሊሞስስ? ከሸሸው ክንፍ አመለጠና ወደ ፋላንክሱ ገባ። ከሁለቱ ሠራዊት መካከል ድንገት ብቅ አለ። የራሱ ሰዎች አዩት፣ የጠላትም አዩት። ጦራቸውን ዝቅ አድርገው ገፉ። በቀኙ በኩል ያለው ፈረሰኛ አዛዥ ደግሞ ዝሆኖቹን ትቶ በጎን ዞረ። የአንጥያኮስ መሀል ተሰበረ።

አንጥያኮስ ያኔም እያሳደደ ነው። ድል ያደረገ መስሎታል። ከጎኑ የነበረ አንድ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው ያሳየው። ከፋላንክሱ በኩል የሚነሳው አቧራ ወደ ራሳቸው ሰፈር እየሄደ ነበር። ለመመለስ ጋለበ፤ ሲደርስ ሰዎቹ ሸሽተዋል።

በጥሊሞስ በዚያ ቀን 16 ዝሆን ሞተውበት አብዛኞቹ የቀሩት ተማረኩበት። ጦርነቱን ግን አሸነፈ። አንጥያኮስ በዝሆን አሸንፎ 10,000 የሚጠጋ እግረኛ አጣ።

እኔ የበጥሊሞስን ሠራዊት ይዤ የአንጥያኮስን ጥፋት ሠራሁ። ጋሼ አርባ ደቂቃ ሙሉ ይሄን ሲጠብቁ ነበር ማለት ነው። እያወቁ! ሻያቸውን ፉት እያሉ! ሁለት ፈረሰኛ የሰጡኝም ሆን ብለው ይሆን ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። ሳቁ እንጂ አልመለሱልኝም።

ከፋሲካ በኋላ እንደገና እንገናኛለን። ቦታ አለ፣ ካርቶን አለ፣ ቀለም ግን ከየቤታችሁ፤ እህቴ ከእንግዲህ አትሰጠኝም። መግባት የምትፈልጉ ስማችሁን በሩ ላይ ላለው ልጅ ስጡት። ዝሆን የሚፈልግ ካለ የኔን አበድራለሁ፣ ጆሮውን በጥንቃቄ ይያዝልኝ።

ጥያቄ ከመጀመራችሁ በፊት ግን ቡናው ፈልቷል፣ እትዬም ስኒ እየቆጠሩ ነው። አንድ ጎድሏል። አንጥያኮስን ወንበሩ ላይ ማን ተቀመጠበት?